ቱቦው ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ፦ ባዮፊልምንና መድኃኒት የተላመደ የሆስፒታል ኢንፌክሽንን ደረጃ በደረጃ መከላከል

3 ሳምንት ሙሉ ታካሚ ሰውነት ውስጥ የቆየ የሽንት ካቴተር፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ የሚያስወጣ ቱቦ፣ አንድ ቀን እጄ ገባ። ላቦራቶሪ ውስጥ በመቀስ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ውስጡን ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ነገር ከላይ እስከ ታች ለብሶታል። ውሃ ለቀቅሁበት። ንቅንቅ አላለም። በስለት ጠርዝ ፋቅ አድርጌ ስላይድ ላይ ቀባሁና ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ባክቴሪያዎቹ እዚህም እዚያም የተበተኑ አልነበሩም። ተደራርበው፣ ተቆላልፈው፣ በራሳቸው ንፍጥ ተሸፋፍነው መንደር መሥርተዋል። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው።

የዚያን ታካሚ የካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ውጤት የፈረምሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ሦስት አንቲባዮቲኮች “ይሠራሉ” ብዬ ጽፌያለሁ። አንዱ ተሰጠ። ትኩሳቱ ለቀቀ። መድኃኒቱ ባለቀ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ሌላ ተሰጠ፤ ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ዙር ባክቴሪያው መጀመሪያ ይሠራበት የነበረውን መድኃኒት ተላምዶት ቁጭ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካቴተሩ አልተቀየረም። እኔም ስልክ አንስቼ “ቱቦው ከገባ ስንት ቀኑ ነው?” ብዬ አልጠየቅሁም።

ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ በሰዓቱ ለመጠየቅ የሚረዳ ነው። የጻፍሁት ለክፍል ነርሶች፣ ለሐኪሞችና ለላቦራቶሪ ባልደረቦቼ ነው። አስታማሚ ሆናችሁ ሆስፒታል የምትውሉም ግማሹ ይመለከታችኋል።

መጀመሪያ፦ መድኃኒቱ ለምን ያቅተዋል?

ይህን ሳይረዱ ወደ ደረጃዎቹ መግባት ትእዛዝ መሸምደድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ማንኛውም ቱቦ፣ ካኑላም (እጅ ላይ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ትንሽ ቱቦ) ይሁን የመተንፈሻ ቱቦ፣ ሰውነት ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በሰውነት ፕሮቲኖች ይለበጣል። ይህ ልባስ ለባክቴሪያ ጥሩ መያዣ ነው። ሲዋኝ የመጣ ባክቴሪያ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይለጠፋል። በዚህ ሰዓት ሊለቅ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ይቆነጥጣል። ይባዛል፣ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ንፍጥ ያመነጫል፣ ከሞቱት ባክቴሪያዎች የወጣ ዲኤንኤም እንደ ጭቃ ማያያዣ ይሆንለታል። እርስ በርሳቸው በኬሚካል ምልክት ይነጋገራሉ፤ ቁጥራቸው በቂ መሆኑን ሲያውቁ ጠባያቸውን በአንድነት ይቀይራሉ። መንደሩ ሲሞላ ከላዩ ቁራሽ ይገነጠልና በደም ወይም በሽንት ተወስዶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል። ታካሚው ድንገት የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

አሁን አንቲባዮቲኩ መጣ እንበል። ከላይ ያሉትን ይገድላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ንፍጡ ያዘገየዋል፤ አንዳንዱን መድኃኒት ጭራሽ አጣብቆ ያስቀረዋል። ታች ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብም ኦክስጅንም ስለማያገኙ እድገታቸውን ገትተው ተኝተዋል። የፔኒሲሊን ዘመዶች ደግሞ የሚገድሉት ግድግዳውን እየገነባ ያለ ባክቴሪያን ነው። የማይገነባውን ምን ያደርጉታል? ጄንታማይሲን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ወደ ባክቴሪያው ለመግባት ኦክስጅን ያለበት ሁኔታ ይፈልጋል፤ እዚያ ታች ኦክስጅን የለም። በዚህ ላይ ከማንኛውም የባክቴሪያ መንጋ ውስጥ ጥቂቶች ሙሉ በሙሉ ያንቀላፋሉ። ጆሴፍ ቢገር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስን ፔኒሲሊን ውስጥ ነክሮ ጥቂቶቹ ሳይሞቱ እንደሚቀሩ አሳየ። እነዚህ ቀሪዎች መድኃኒቱን አልተላመዱም። እንደገና ሲባዙ ልጆቻቸው እንደ በፊቱ በመድኃኒቱ ይሞታሉ። እንቅልፍ ብቻ ነው ያተረፋቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። መድኃኒት መላመድ ማለት ባክቴሪያው በዘረመሉ ተለውጦ መድኃኒቱን ሲሰብር፣ ሲተፋ ወይም ዒላማውን ሲቀይር ነው። ላቦራቶሪ ያየዋል። መታገሥ ደግሞ ባክቴሪያው ሳይለወጥ፣ የሚኖርበት ቦታ ሲጠብቀው ነው። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ አያየውም። ባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያን ለመግደል ሲዋኝ ከሚገድለው መጠን ከ10 እስከ 1000 እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት ለሰው አይሰጥም።

ሁለቱ ደግሞ ይመጋገባሉ። የታገሠው ይተርፋል። የተረፈው ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚኖር መድኃኒት የሚላመድበትን ዘረመል በፕላስሚድ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት፣ ይቀባበላል። እኛ ደግሞ ከላይ አንቲባዮቲክ እያፈራረቅን ማን እንደሚተርፍ እንመርጥለታለን።

ደረጃ 1፦ ቱቦዎቹን ቁጠሩ

ነገ ጠዋት ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ይዛችሁ በየአልጋው ዙሩ። ማን ምን ቱቦ አለው? መቼ ገባ? ለምን ገባ? ሦስቱን ጻፉ። ቀኑን የሚያውቅ ሰው የጠፋበት ቱቦ ካገኛችሁ እሱን ክበቡበት።

ቀኑ የሚያስጨንቀኝ በምክንያት ነው። የሽንት ካቴተር ባለበት እያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ወር ሲሞላው ሁሉም ማለት ይቻላል ባክቴሪያ ይዟል። ምንም ያህል ጥንቃቄ ይህን ጨርሶ አያስቀረውም። የሚያስቀረው ማውጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ በየራውንዱ አንድ ጥያቄ ይኑር፦ “ይህ ቱቦ ዛሬ ያስፈልጋል?” ሽንት ለታገደበት ሰው አዎ ነው። በጽኑ ታሞ ሽንቱ በየሰዓቱ ለሚለካለትም፣ መቀመጫው አካባቢ ክፍት ቁስል ኖሮበት ሽንት ለሚያመልጠውም፣ በመጨረሻው ሰዓት ምቾት ለሚፈልገውም እንዲሁ። አንሶላ እንዳይረጥብ፣ ሽንት ቤት መውሰድ እንዳይከብድ፣ ወይም “ትናንትም ስለነበረ” ከሆነ ግን ይውጣ። የምትችሉ ከሆነ ምክንያቱ ሲያበቃ ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ ካቴተሩን እንድታወጣ የሚፈቅድ የጽሑፍ አሠራር ይኑራችሁ። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ።

ደረጃ 2፦ እጅ

ኢግናዝ ሴመልቫይስ ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሞችን በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አድርጎ የወላዶችን ሞት በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የምንከራከርበት ነገር መኖር አልነበረበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜያትን ያስቀምጣል፦ ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚ ከነኩ በኋላ፣ የታካሚውን አካባቢ ከነኩ በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። በሳሙናና በውሃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለበት ወይም ታካሚው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚያመጣው ተቅማጥ ካለበት አልኮል አይበቃም፤ የዚህን ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የተኛ ቅርጹ) አልኮል አይገድለውም።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ የሚዞር ሰው ባክቴሪያ እያከፋፈለ ነው።

ደረጃ 3፦ ቱቦው ሲገባ

ባዮፊልም የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በዚች ሰዓት ነው። ጥቂት ባክቴሪያዎች ከቆዳ ላይ ተገፍተው ከገቡ ሊበቃ ይችላል።

ወደ ትልቁ ደም ሥር የሚገባ መስመር ላይ አምስት ነገሮች ተሟልተው ይሠሩ። እጅ መታጠብ፤ ባለሙያው ኮፍያ፣ ማስክ፣ ስቴራይል (ከተህዋስ ነፃ የሆነ) ጋውንና ጓንት አድርጎ ታካሚውን በትልቅ ስቴራይል ጨርቅ መሸፈን፤ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ፀረ ተህዋስ ማጽዳት፤ ከተቻለ የጭን ሥርን መተው፤ የማያስፈልገውን መስመር ማውጣት። ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ከ100 በላይ በሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እነዚህን አምስቱን በቼክሊስት አስያዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ውጤት በ18 ወር ውስጥ ከመስመሩ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሷል። አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ነርሷ አንዱ ሲዘለል “ቁም” የማለት ሥልጣን ተሰጥቷት ነበር።

ክሎርሄክሲዲኑን ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲቸኩሉ የሚዘለለው ይኼ ነው። የሚገድለው እየደረቀ ባለበት ጊዜ ነው።

ለሽንት ካቴተር ደግሞ ስቴራይል አሠራር፣ ለታካሚው የሚበቃ ቀጭኑን ቁጥር መምረጥ፣ ከገባ በኋላ ጭን ላይ ማሰር። ያልታሰረ ካቴተር ወዲያ ወዲህ ሲል የሽንት ቧንቧውን ይልጣል። የተላጠ ቦታ ለባክቴሪያ ክፍት በር ነው።

ደረጃ 4፦ በየፈረቃው የሚሠራው

የሽንት ካቴተርና ከረጢቱ የተዘጋ አንድ ነገር ናቸው። ካቴተሩን ከከረጢቱ ቱቦ አትነጥሉ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲሞላ አፍስሱት። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ማፍሰሻ ዕቃ ይኑረው፤ የከረጢቱ አፍ ዕቃውን አይንካ። አንድ ጆግ ይዞ አምስት አልጋ መዞር አምስት ሰው በአንድ ባክቴሪያ ማገናኘት ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ልጃቸውን ሲያገላብጡ ከረጢቱን አንስተው ሆዱ ላይ አስቀመጡት። መልካም አስበው ነው፤ እንዳይጎትተው። ነርሷ ጠጋ ብላ “እማማ፣ እንዲህ ሲሆን ሽንቱ ወደ ልጅዎ ይመለሳል። ሲያገላብጡት ይጥሩኝ፣ አብረን እናደርገዋለን” አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎረቤት አልጋ ከረጢት ሳይቀር የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ። አስታማሚ ምክንያቱ ሲነገረው እንዲህ ነው።

ካቴተሩ ቶሎ ቶሎ እየተደፈነ ካስቸገራችሁ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስን ጠርጥሩ። ይህ ባክቴሪያ ዩሪያን ሰብሮ ሽንቱን አልካላይን ያደርገዋል። ያኔ ማዕድናት ባዮፊልሙ ላይ ይረግጉና ቱቦውን እንደ ድንጋይ ይደፍኑታል። እየገፉ በውሃ ማጠብ መፍትሔ አይሆንም። ቱቦው ይቀየር።

የደም ሥር መስመር ላይ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት መግቢያውን በአልኮል ጥጥ ለ15 ሰከንድ ያህል ፈትጉ። ፈትጉ ነው የምለው፤ ነካ ማድረግ አይደለም። ከዚያ ይድረቅ። ግልጽ ድሬሲንግ በ7 ቀን፣ ጎዝ ከሆነ በ2 ቀን ይቀየር። ከረጠበ፣ ከቆሸሸ ወይም ከተላቀቀ ግን ያኔውኑ። እጅ ላይ ያለውን ትንሿን ካኑላ በየፈረቃው እዩ። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካመመ ትውጣ። መድኃኒት የማይሰጥባት ከሆነም ትውጣ። “ምናልባት ካስፈለገች” ተብላ የተተወች ካኑላ ብዙ ሰው ጎድታለች።

የመተንፈሻ ቱቦ ላለው ሰው የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። አፉን አጽዱ። በመስመሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ታካሚው ሳይሆን ወደ ውጭ አፍስሱ። ማደንዘዣው በየቀኑ ረገብ ተደርጎ በራሱ መተንፈስ ይችል እንደሆነ ይታይ። ይህ ደግሞ ያው የደረጃ 1 ጥያቄ ነው።

ደረጃ 5፦ አልጋው፣ ጠረጴዛውና የእጅ መታጠቢያው

አሲኔቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ ደረቅ ገጽ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ሱዶሞናስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ እርጥበት ይወዳል፤ የእጅ መታጠቢያው ማፍሰሻ ውስጥ ባዮፊልም ሠርቶ ይኖራል። ውሃ በኃይል ሲለቀቅ ፍንጣሪው ባክቴሪያውን ይዞ ዙሪያውን ይረጫል። ስለዚህ መድኃኒት የሚቀመምበት ጠረጴዛ ከመታጠቢያው ይራቅ። የተረፈ ግሉኮስ፣ የታካሚ ፈሳሽና የተረፈ አንቲባዮቲክ እዚያ አይደፋ። ግሉኮሱ ምግቡ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ደግሞ ማለማመጃው።

ገጽ ሲጸዳ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ቀጥሎ ፀረ ተህዋስ ይቀባ። በቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። 5 በመቶ በረኪና ካላችሁ 1 እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ለተራ ገጽ ይበቃል። ደም ለፈሰሰበት 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር፤ 0.5 በመቶ ይመጣል። በየቀኑ አዲስ ይቀላቀል። ከአሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ኢንዶስኮፕ የሚያጥቡ ባልደረቦች ደግሞ ውስጡን በብሩሽ ሳይፈትጉ ወደ ኬሚካሉ አይግቡ። መጨረሻ ላይም ቦዩ በደንብ ይድረቅ። ረጥቦ ያደረ ኢንዶስኮፕ ጠዋት ባዮፊልም ይዞ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 6፦ ናሙና አወሳሰድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልለምናችሁ። መጥፎ ናሙና ላይ የምንሰጠው ውጤት ከውጤት ማጣት የባሰ ነው፤ ወረቀት ስላለው ሰው ያምነዋል።

የደም ካልቸር አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። ለአዋቂ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። መጠኑን አትቀንሱብኝ። ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ 3 ሚሊ ሊትር ውስጥ ላይገኝ ይችላል። የጠርሙሱን ክዳን በአልኮል ጥረጉ፤ ፕላስቲኩ ተነሣ ማለት ስቴራይል ነው ማለት አይደለም። ታካሚው በሴፕሲስ ሾክ (ኢንፌክሽኑ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሲጥለው) ላይ ከሆነ ግን ናሙና ፍለጋ መድኃኒቱን አያዘግይ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

መስመሩን የምትጠረጥሩ ከሆነ አንዱን ከመስመሩ፣ ሌላውን ከክንድ ደም ሥር በተመሳሳይ ሰዓትና መጠን ውሰዱ። ከየት እንደተወሰደ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። የመስመሩ ጠርሙስ ከክንዱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ካደገ ምንጩ መስመሩ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ላቦራቶሪው የማሽኑን ሰዓት አይቶ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ጠይቁ።

ሽንትን ከከረጢቱ አትቅዱ። ከረጢት ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ሽንት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ነው። ከናሙና መውሰጃው ጉጥ፣ በአልኮል ጠርጋችሁ በሲሪንጅ ሳቡ። ካቴተሩ ከ2 ሳምንት በላይ ከሆነው መጀመሪያ ቀይሩት፣ ናሙናውን ከአዲሱ ውሰዱ። ከአሮጌው የሚመጣው የቱቦው ነዋሪ እንጂ የፊኛው ላይሆን ይችላል። የሽንት ካቴተር ጫፍ ቆርጦ ለካልቸር መላክም አይረዳም። እኔ ያን ዕለት የሰነጠቅሁት ለማየት ነበር፤ ከእሱ ላይ ውጤት አልጻፍሁም።

ደረጃ 7፦ የውጤቱን ወረቀት ማንበብ

ወረቀቱ ላይ ኤስ፣ አይ፣ አር የሚሉ ፊደላት አሉ። ኤስ በተለመደው መጠን ይሠራል ነው። አር አይሠራም። አይ ብዙ ሰው “መሃል ሠፋሪ” ብሎ ይተወዋል፤ በአንዳንድ መድኃኒት ግን ከፍ ያለ መጠን ቢሰጥ ይሠራል ማለት ነው። ኤምአይሲ የሚባለው ቁጥር የባክቴሪያውን እድገት የሚያቆመው ትንሹ መጠን ነው። የሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ኤምአይሲ አወዳድራችሁ “ያነሰው ይሻላል” አትበሉ። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ መለኪያ አለው።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። ምርመራውን የምንሠራው ፈሳሽ ውስጥ በሚዋኝ ወይም ምግብ ላይ ተዝናንቶ በሚያድግ ባክቴሪያ ነው። ቱቦ ላይ ያለው ያን አይደለም። አር ካለ አር ነው። ኤስ ካለ ግን አእምሯችሁ ውስጥ “ቱቦው ከወጣ” የሚል ቃል ጨምሩበት።

ስሞቹንም ልመዱ። ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ፣ አሲኔቶባክተር ባውማኒ፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ እና የኢንቴሮባክተር ዝርያዎች የሆስፒታል ዋና አስቸጋሪዎች ናቸው። ስድስቱም ባዮፊልም መሥራት ይችላሉ።

ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ከወጣ ብዙ ጊዜ የቆዳ ብክለት ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ወይም መስመር ያለው ሰው ከሁለቱም ቦታ ከወጣበት ግን በቁም ነገር ያዙት። ካቴተር ያለው ሰው ሽንት ላይ ባክቴሪያ ወጥቶ ትኩሳትም ሆነ ሌላ ምልክት ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አይጀመርም። ነፍሰ ጡርና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው የተለዩ ናቸው። ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻ መድኃኒት መስጠት ባክቴሪያውን ለቀጣዩ ዙር ማሠልጠን ነው።

ደረጃ 8፦ ሕክምናው፣ መንደሩን ከማፍረስ ጀምሮ

መጀመሪያ ምንጩ ይውጣ። በደም ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሱዶሞናስ ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ተገኝቶ ምንጩ ማዕከላዊው፣ ማለትም ወደ ትልቁ ደም ሥር የገባው፣ መስመር ከሆነ መስመሩን ለማዳን አትታገሉ። አውጡት። ለስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደሙ እስኪጠራ ካልቸሩ ይደገም፤ የሕክምናው ቀን የሚቆጠረው ከጠራበት ቀን ጀምሮ ሲሆን ከ14 ቀን አያንስም።

ማውጣት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የተነሣ ኢንፌክሽን ገና ትኩስ ከሆነ ተከፍቶ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ከዚያ ለስታፊሎኮከስ ሪፋምፒሲን ከሌላ መድኃኒት ጋር ይሰጣል። ሪፋምፒሲን ባዮፊልም ውስጥ ከሚሠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ብቻውን ከተሰጠ ግን ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ይላመደዋል። ብቻውን አይሰጥ።

ውጤት ሲመጣ፣ ማለትም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቁጭ ብላችሁ መድኃኒቱን እንደገና እዩት። ሰፊውን በጠባቡ ቀይሩ። ካላስፈለገም አቁሙ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ መጠን መላመድን እንደሚያመጣ አስጠንቅቆ ነበር። ባዮፊልም ታች ያለው ባክቴሪያ የሚያገኘው እንደዚያ ያለ መጠን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያዘዝነው ሙሉ ቢሆንም እንኳ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

ደረጃ 9፦ ላቦራቶሪ ላላችሁ፣ ባዮፊልም መሥራቱን መለካት

ይህ ምርመራ ለታካሚ መድኃኒት ለመምረጥ አይውልም። በክፍላችሁ የሚዞረው ባክቴሪያ ምን ያህል የመስፈር ጠባይ እንዳለው ለማወቅና ለጥናት ነው። ብዙ ወጪ የለውም።

ባክቴሪያውን ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ ውስጥ ሌሊቱን አሳድጉ። 1 በመቶ ግሉኮስ ባለበት አዲስ ብሮዝ 1 ለ100 አቅጥኑ። ባለ 96 ጉድጓድ ጠፍጣፋ ፕሌት ላይ በየጉድጓዱ 200 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ይኑር። ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ ብሮዝም አትርሱ፤ ሒሳቡ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ሳታነቃንቁ አቆዩ።

ከዚያ ገልብጣችሁ አፍስሱና በፎስፌት ባፈር ሦስት ጊዜ እጠቡ። ቀስ ብላችሁ። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው፤ በፒፔት ጫፍ ግድግዳውን ከነካ የሠራውን ባዮፊልም ይፍቀዋል። አድርቁ። 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ለ15 ደቂቃ አስቀምጡ፣ እንደገና እስኪጠራ እጠቡ፣ አድርቁ። አሁን ፕሌቱን ወደ ብርሃን ያዙት። ጠንካራ ሠሪ ያለበት ጉድጓድ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ ባዶው ነጭ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ስለ ባዮፊልም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቀኝም።

ቀለሙን በ95 በመቶ ኢታኖል አሟሙታችሁ በ570 ናኖሜትር አንብቡ። የባዶዎቹን አማካይ ውሰዱና ሦስት እጥፍ ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸውን ጨምሩበት። ይህ መቁረጫችሁ ነው። ከእሱ ያልበለጠ ባዮፊልም አይሠራም። እስከ ሁለት እጥፉ ደካማ፣ ከሁለት እስከ አራት እጥፉ መካከለኛ፣ ከአራት እጥፍ በላይ ጠንካራ ነው።

ደረጃ 10፦ ቁጥሩን ያዙ

በደረጃ 1 የጀመራችሁት ወረቀት እዚህ ያገለግላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ካቴተር ያላቸውን ታካሚዎች ቁጠሩ፤ በወሩ መጨረሻ ደምሩ። ለምሳሌ ድምሩ 240 የካቴተር ቀን ሆኖ 2 ኢንፌክሽን ከተገኘ፣ 2ን ለ240 አካፍላችሁ በ1000 ስታባዙ 8.3 ይመጣል። በ1000 የካቴተር ቀን 8.3 ማለት ነው። ሆስፒታል ከገቡ 48 ሰዓት ሳይሞላ የታየ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ስለሆነ እዚህ አይቆጠርም። የካቴተር ቀኑንም ለብቻው ተከታተሉ። ኢንፌክሽኑ ሳይቀንስ በፊት መቀነስ ያለበት እሱ ነው።

ቁጥሩን ነርሶች በሚያዩት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የናሙና መላኪያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፦ “ቱቦ አለ? ከገባ ስንት ቀኑ?” መስመሩ ባዶ ሆኖ የመጣ ቅጽ ሲደርሰኝ ናሙናውን እዘራለሁ፣ ከዚያ ስልኩን አነሳለሁ።